ያልተረዳው

«አለሁ» አለ ይስማው፣ ሊጎርስ ያነሳውን የገብስ ቂጣ ወደ ሳህኑ መልሶ።

እታገኝ ቀና አላለችም። ክፍሉ ውስጥ ከወንድሟና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም፤ ግቢውም ጭር እንዳለ ነው፤ አከራያቸው ወይዘሮ ቦሰና ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። የጠራው የለም። እሱ ግን ጎረቤት በአጥር ላይ እንዳናገረው ሰው ፊቱን ትንሽ ወደ ግራ መለስ አድርጎ፣ ረጋ ባለ ድምፅ «አለሁ» አለና ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ቂጣውን አንስቶ ጎረሰ። ከጦር ግንባር ቆስሎ ከተመለሰ ጀምሮ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ «ምን አልክ፣ አያ?» ትለው ነበር። «ምንም» ይላታል። እየቆየ እሷም መጠየቁን ተወች፣ እሱም ማፈሩን ተወ፤ ቃሉ ፀሐይ ሲነካው እንደሚንጣጣው የጣሪያ ቆርቆሮ ከቤቱ ድምፆች አንዱ ሆነ። በቀን ብርሃን፣ በሰው መሃል፣ ጫማውን እያሰረ፣ ውኃ እየጠጣ «አለሁ» ይላል። ዛሬ ግን ሻይ የምትቀዳበት እጇ ቆመ። ዛሬ ይግባኙ የሚሰማበት ቀን ነው። እዚያ፣ በሰዎቹ ፊት ይህች ቃል ብታመልጠው ምን ሊሉ እንደሚችሉ አሰበችና የሻይ ብርጭቆውን ሳትሞላው አቀረበችለት።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ይስማው መደቡ ላይ፣ እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ያድራሉ፤ ሲነጋ ፍራሹ ተጠቅልሎ ሽንኩርት የሞላ ማዳበሪያ ላይ ይወጣል። እታገኝ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ሽንኩርቱ በወልድያ በኩል በመኪና ስለሚመጣ መንገድ በታመመ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል፤ ዋጋው ሲሰቀል ኪሎ ይገዛ የነበረ ሰው ሩብ ይላል፣ ሩብ ይገዛ የነበረው ደግሞ ሁለት ራስ መርጦ «በስንት ትሰጭኛለሽ?» ይላታል። የቤት ኪራይ ግን ሲወርድ አይታ አታውቅም፤ ወይዘሮ ቦሰና ክፉ ሴት ባይሆኑም ዘንድሮ እንደገና ጨምረዋል። ይስማው እንደመጣ ሰሞን አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ተቀጥሮ ነበር። አንድ ቀን ከግራው የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀ ለጥቂት ሳተው፤ ሌላ ቀን ደግሞ አዙሮት ደረጃ ላይ ወደቀ፤ አሰናበቱት። ጋዝጊብላ ያለችውን የአባታቸውን መሬት እንዳያርስ፣ እርፍ ጨብጦ አንድ ትልም ሳይጨርስ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይዞርበታል። አሁን የአጎታቸው ልጅ በእኩል ያርሳታል። እንግዲህ ለሁለቱ የቀረው ተስፋ የጉዳት ጡረታው ነበር፤ እሱንም ሩቅ ከተማ የተቀመጠ የሕክምና ቦርድ ከለከለ።

የከለከለበት ምክንያት አንዲት ቃል ናት። ሐኪሙ «በግራ ጆሮህ ይሰማሃል?» ብሎ ጠየቀው። ይስማው «አዎ፣ ይሰማኛል» አለ። ተጻፈ። አመልካቹ በግራ ጆሮው እንደሚሰማ በራሱ አንደበት ስላረጋገጠ ለጉዳት ጡረታ የሚያበቃ ጉዳት የለበትም ተባለ። እታገኝ ይህ ሲነበብላት የሌላ ሰው መዝገብ መስሏት ነበር። በዚያ ጆሮው በኩል ከሩቅ ስንት ጊዜ ጠርታው ሳይዞር እንደቀረ የምታውቅ እሷ ናት። ታዲያ ለምን እንዲያ አለ? አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ከአባታቸው ሞት ወዲህ በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ይውላል፣ ሳይነገር ያድራል።

መላ ያገኙላቸው አቤቱታ ጻፊው አቶ ዓለምብርሃን ናቸው። ውሳኔውን ደጋግመው አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «ልጄ፣ ሐኪሙም አልዋሸም፣ ወንድምሽም አልዋሸም» አሏት። «ያጣላቸው አማርኛ ነው። ድምፅም ይሰማኛል ነው፣ ቁስልም ይሰማኛል ነው፣ ብርድም ይሰማኛል ነው። ሐኪሙ በጆሮ ጠየቀ፣ ወንድምሽ በሕመም መለሰ። ኽምጣና ተናግሮ ያደገ ሰው ቀርቶ እኔ ራሴ እምታታለሁ።» ይህ ተጻፈ፤ ይግባኙም ተቀባይነት አግኝቶ ተቀጠረ። ክርክሩ ያማረ ነበር። የሰማው ሁሉ ጭንቅላቱን ነቅንቆ «እውነት ነው» ይላል። እታገኝም አመነችው፤ ማመን ነበረባት። አንዳንዴ ብቻ፣ ሽንኩርት እየመዘነች ሳለ፣ ለሕመም «አለሁ» ይባላል እንዴ የሚል ሐሳብ ሽው ይልባትና ወዲያው ለደንበኛዋ ጥያቄ መልስ ትሰጣለች።

ረፋዱ ላይ ወጡ። የባጃጁ ልጅ የጠራው ዋጋ ስላልተዋጠላቸው በእግራቸው ወረዱ። እታገኝ እንደ ልማዷ በቀኙ፣ በሚሰማው በኩል ነው የምትሄደው። ይስማው በግራው በኩል ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚበቃበት ቦታ ይተዋል። መንገዱ ሲጠብ ራሱ ወደ እሷ ተጠግቶ፣ ትከሻዋን እየገፋ፣ ያንን ቦታ ያስከብራል። ከፊታቸው ጀሪካን የጫነች አህያ እየነዳች የመጣች ሴት በዚያ በኩል ልታልፍ ስትል ቆመና አሳለፋት፤ ካለፈች በኋላም ወዲያው አልተንቀሳቀሰም፤ ወደኋላ የቀረ ጓደኛ እስኪደርስበት እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰቆጣ በዚያ ብርሃን ውስጥ ጣሪያ በጣሪያ ሆና ታብለጨልጫለች፣ የገበያው ጫጫታ ከታች ይሰማል፤ እታገኝ ግን በዚህ ሁሉ ብርሃን መሃል ጀርባዋን በረዳት።

ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ለተዘዋዋሪ ችሎት የተዋሰው አዳራሽ ከከተማው ዳር፣ ነፋስ የማያጣው ጉብታ ላይ ነው። በሩ ላይ የሚጠብቁት አብዛኞቹ እንደ ይስማው የቆሰሉ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ምንዋጋው ተቀምጧል፤ ከጉልበቱ በታች አንድ እግር የሌለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«እናንተ ናችሁ የምታሳዝኑኝ» አላቸው፣ ክራንቹን አጋድሞ። «የኔዋ አትከራከርም። የለችም፣ አለቀ። ያም ሆኖ መቼ እንደምታድግ ለማየት በየዓመቱ ይቀጥሩኛል።»

ሰው ሳቀ። ምንዋጋው ወደ ይስማው ቀኝ ጆሮ ጠጋ አለ። «ያንተው ግን ከባድ ነው፣ ወንድሜ። ጆሮህ እንዳማረባት በቦታዋ ተለጥፋለች፤ ማን ያምንሃል? በዚያ ላይ ስምህ ይስማው።»

«ስሙን ያወጣችው እናታችን ናት፤ አምላክ ጸሎቴን ይስማው ብላ» አለች እታገኝ።

«ለጡረታ እንዲመች ብታስብበት ምን ነበረበት?»

ይስማውም ፈገግ አለ። አቶ ዓለምብርሃን አቤቱታቸውን የጻፉላቸውን ሁሉ እየዞሩ ሲያዩ ቆይተው እነሱ ዘንድ ደረሱና፣ «ያችን ቃል አውጥተህ ጣላት» አሉት። «ያመኛል በል፣ ያዞረኛል በል፣ ይወቅረኛል በል። ይሰማኛል የምትባለዋን ዛሬ እንዳልተፈጠረች ቁጠራት።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ ይስማው።

ይስማው ሲቀመጥ ወንበሩ ሞላ፤ በእሱና በምንዋጋው መካከል፣ በግራው ካለችው ቦታ በቀር። አንድ ክንዱ የታጠፈ ጎልማሳ ሰላምታ ሰጥቶ እዚያ ሊቀመጥ ሲል ይስማው መዳፉን ወንበሩ ላይ አሳረፈ። «ሰው አለበት» አለው፣ በትሕትና። ሰውየው ይቅርታ ብሎ ቆመ። ባለቦታው ሽንት ቤት የሄደ መስሎት ወደ ግቢው ጓሮ ያያል። ቆየ። የመጣ የለም። ፀሐዩ እየከረረ ሲሄድ፣ «የታለ ሰውየው?» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ ምንዋጋው ባዶው ቦታ ላይ አጋድሟት የነበረችውን ክራንች ቀስ ብሎ አነሳ፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «ና፣ በኔ በኩል ተጠጋና ተቀመጥ» አለው ሰውየውን። «እኔ ግማሽ ሰው ነኝ፣ አንተን የሚበቃ ቦታ አለኝ።» እታገኝ ምንዋጋውን አየችው። ምንዋጋው ግን አላያትም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

የይስማው ስም ተጠራ።

አዳራሹ ሰፊና ባዶ ነው። መብራት ስላልነበረ ብርሃኑ የሚገባው ከላይ ካሉት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ሲናገር ቃሉ ጥግ ድረስ ሄዶ ሌላ ሰው እንዳለው ሆኖ ይመለሳል። ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሰብሳቢው አቶ ፈንታሁን፣ ዶክተር መክሊትና አንድ ወጣት ጸሐፊ ተቀምጠዋል። አቶ ፈንታሁን ፀጉራቸው የሸበተ፣ የሚናገሩትን አስቀድመው የሚያኝኩ የሚመስሉ ሰው ናቸው። መዝገቡን አንብበውታል፤ የአቶ ዓለምብርሃንን ክርክርም ወደውታል። «ነገሩ ውኃ ያነሳል» አሉ። «ግን ዶክተሯ ትመርምርህ።»

ዶክተር መክሊት የይስማውን ቀኝ ጆሮ በጥጥ ደፍና፣ በላዩ ወረቀት እያንኮሻኮሸች፣ በግራው በኩል ስሙን ጠራችው። ዝም። ከፍ አድርጋ ጠራችው። ዝም። እታገኝ ልቧ ቀለል አላት። ከዚያ ዶክተሯ ሁለት ጣት ያለው የብረት ሹካ ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ መታ አደረገችና ወደ ግራ ጆሮው አስጠጋችው። ብረቱ ቀጭን፣ ሩቅ የሚያለቅስ ሰው የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ሁሉም ዝም ብሎ ያንን ድምፅ ያዳምጣል፤ ይስማው ብቻ ከፊቱ ያለውን ግድግዳ ያያል። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ሊጠፋ ሲል፣

«አለሁ» አለ ይስማው።

ዶክተሯ ብረቱን ዝቅ አደረገች። ጥጡን አወጣችለትና፣ «ማንን ነው አለሁ ያሉት?» ብላ ጠየቀችው። ይስማው ወደ ግራው አየ። «የሰሙት ነገር አለ?» አለችው። «ይሰማ…» ብሎ ጀመረና አቆመ፤ ወደ እህቱ ዞረ። የጸሐፊው ብዕር በአየር ላይ ቆማለች።

በዚህ ጊዜ ነው አቶ ፈንታሁን ፍትሕን አስበው የተናገሩት። «ቆይ» አሉ። «ይህ ሰው ይግባኝ ያለው አማርኛ አሳሳተኝ ብሎ ነው። በዚያው በአማርኛ መልሰን ብናጣድፈው ምን ሠራን? ወንድሜ፣ በኽምጣና ተናገር። ጆሮህ ውስጥ ያለውን፣ እንዳለ፣ እንደ ልብህ ተናገር።» የተመደበው አስተርጓሚ ግን ታሞ ቀርቷል። ጸሐፊው «እህቱ ትችላለች» አለ። ዶክተር መክሊት ዘመድ መሆኗ እንዳልጣማት ገለጸች። አቶ ፈንታሁን ሁለቱን በተራ ካዩ በኋላ፣ «ዛሬ ብናሳድረው ይህ ችሎት ወደ ሰቆጣ የሚመለስበትን ቀን እኔም አላውቅም» አሉ። «ትማልና ትተርጉም።» እታገኝ የተባለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትናገር መጽሐፍ ላይ እጇን ጭና ማለች። «በግራው በኩል ቁሚልኝ፤ ስትናገሪ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ» አለቻት ዶክተሯ። እታገኝ ዞራ ቆማ በማታውቅበት በኩል ቆመች። እግሯ ሥር ሲሚንቶው የቀዘቀዘ መሰላት። የበሩ ነፋስ ይሆናል፣ አለች በልቧ።

ይስማው መናገር ጀመረ። ጉባኤውን አያይም፤ እሷንም አያይም።

«ደግሰውን አታውቂውም። የጽጽቃ ልጅ ነው። በጋንታችን ኽምጣና የምንችለው እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙን ስናማቸው እንውላለን። ምሽግ ውስጥ ሁልጊዜ በግራዬ ነው። ጭስና አቧራ ሲሸፍነን፣ መተያየት ሲያቅተን፣ አለህ? ይለኛል። አለሁ፣ እለዋለሁ። ከባድ መሣሪያው የወደቀው በእሱ በኩል ነው። አቧራው ሳይበተን አለህ? አለኝ። አለሁ አልኩት። አቧራው ሲበተን ግን…» እዚህ ላይ አፉን በእጁ ጋርዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲበተን እኛ አየን። እሱ አላየም። ለእሱ እስከ ዛሬ አልተበተነም። አሁንም ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። አልተረዳም፣ እታገኝ። ማንም አላረዳውም። አንቺን ያባታችን ጊዜ ሽማግሎቹ ማለዳ መጥተው፣ እህል አስቀምሰው፣ ግራ ቀኝ ደግፈው አይደለም ያረዱሽ? ለእሱ ያን የሚያደርግለት ማን አለ? ሐኪሙ ይሰማሃል ወይ ሲለኝ የለም ብል፣ እሱ እኔን ይሰማኛል። ምን ልበል? ለእነዚህም ያሻሽን ንገሪያቸው። ብቻ እዚያ ቁመሽ፣ ያችን የመርዶ ቃል እንዳታወጫት።»

ጨረሰ። እታገኝ ስንት ክረምት አንድ ክፍል ውስጥ አብራው ከርማ ያልጠየቀችውን ነገር፣ በጠራራ ቀን፣ በሦስት እንግዳ ሰዎች ፊት ነገራት፤ የሰማችው ግን እሷ ብቻ ናት። ሦስቱ በትዕግሥት ይጠብቋታል።

«ያመኛል ነው የሚለው» አለች። «ውስጡን ይወቅረዋል፣ ያዞረዋል። ይሰማኛል ያለው ሕመሙን ነው። ድምፅ የለም።»

«ይህን ሁሉ ተናግሮ ይችኑ ብቻ?» አለች ዶክተር መክሊት።

«ኽምጣና ረዘም ይላል።»

ጸሐፊው ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም፤ የምታየው ይስማውን ነው። «ደግሰው ሲል ሰምቻለሁ» አለች። «የሰው ስም ነው?»

«ጓደኛው ነው» አለች እታገኝ። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

«ሲቆስል አብሮት ነበር?»

«በግራው ነበር።»

አቶ ፈንታሁን ፊታቸው በራ። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። «ታዲያ ይህ እኮ ምስክር ነው» አሉ። «የመጀመሪያው ቦርድ ያጣው ይህን ነው። ፍንዳታው በየት በኩል እንደወደቀ፣ ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ያየ ሰው ካለ ነገሩ አበቃ። የት ነው ያለው?»

«ሩቅ ነው» አለች።

«የትም ይሁን፣ በመጥሪያ እናስመጣዋለን። መዝገቡ እስከዚያ ይቆይ። ጸሐፊ፣ ስሙን ያዝ።»

«ሊመጣ አይችልም፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

እታገኝ ወደ ወንድሟ አየች። ይስማው አማርኛውን በሚገባ ይሰማል፤ ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ገብቶታል። ራሱን በትንሹ ወዘወዘላት፤ ከዚያ ግራ መዳፉን አንስቶ ግራ ጆሮውን ከደነ፤ ክፉ ወሬ እንዳይሰማ የሕፃን ጆሮ እንደሚከደን አድርጎ፣ በቀስታ። እሷ የምታስበው ክፍሏን ነበር፣ የተጠቀለለውን ፍራሽ፣ ቀጠሮው የሚመጣበትን የማይታወቅ ቀን፣ ያ ቀን እስኪደርስ ከግራ የሚመጡትን መኪናዎች። ምላለች ደግሞ፤ ቃሉ እውነት ነው። ጸሐፊው የደግሰውን ስም ጽፎ ጨርሶ ቀና አለ።

«ሞቷል» አለች።

በቀስታ ነው ያለችው። አዳራሹ ግን ቃሉን ተቀብሎ ጥግ ድረስ ወሰደና መልሶ አመጣው፤ ሌላ ሴት እንዳለችው ሆኖ። ይስማው መዳፉን ከጆሮው አላነሳም። ጠረጴዛው ላይ የተኛው የብረት ሹካ ማንም ሳይነካው ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ የጸሐፊው ክንድ ጠረጴዛውን ገፍቶት ይሆናል፣ ወይ ነፋሱ። ዶክተር መክሊት ፈጠን ብላ እጇን ጫነችበትና ድምፁ ጠፋ።

አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ዶክተሯ ጎንበስ አሉ። ተነጋገሩ። ብዙ አልፈጀባቸውም። ምርመራው በግራው በኩል ከውጭ የሚገባ ድምፅ እንደሌለ አሳይቷል፤ ቃሉ ሁለት ፍች እንዳለው ግልጽ ነው፤ በግራው የነበረው ጓደኛው በዚያው ፍንዳታ መሞቱም የጉዳቱን ክብደት ያስረዳል። ሰብሳቢው ብድግ ብለው አነበቡት፤ የመጀመሪያው ውሳኔ ተሽሯል፣ የጉዳት ጡረታው ከዛሬ ጀምሮ ሳይሆን ከቆሰለበት ቀን ጀምሮ ታስቦ ይከፈለው። መነጽራቸውን አውልቀው በደግ ዓይን አዩት። «አይዞህ፣ ወንድሜ» አሉ። «ጉባኤው ነገሩን በሚገባ ተረድቷል።»

ይስማው ያን ጊዜ መዳፉን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እሱም» አለ በአማርኛ። «እሱም ተረዳ።»

«ማን?» አሉ አቶ ፈንታሁን፣ ወደ እታገኝ ዞረው። እታገኝ አልተረጎመችም። ዶክተር መክሊት ዕቃዋን እየሰበሰበች አጠገቧ መጣችና በጆሮዋ፣ «ለጆሮው ብቻ አይደለም ሐኪም የሚያስፈልገው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ» አለቻት። «ሰኞ ሆስፒታል አምጪልኝ። ጡረታውን የሚነካበት ሰው የለም፤ አትፍሪ።» እታገኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቀድማ ብትነግራት ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልፈለገችም።

በኋለኛው በር ወጡ። ቀትር ነው፤ ነፋሱ ቆሞ የባሕር ዛፎቹ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ይስማው የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፎ፣ ግራ ጆሮውን ወደ ባዶው ሜዳ ሰጥቶ ቆመ። እታገኝ በቀኙ ዞራ፣ «ፈረዱልን እኮ፣ አያ» አለችው።

«ዝም አለ።»

የአባታቸው መርዶ ሲነገራት ግራ ቀኟን የያዟት እጆች ትዝ አሏት፤ ሻካራ፣ ትምባሆ ትምባሆ የሚሸቱ የሽማግሌ እጆች። «ምንም አላለም?» አለችው በመጨረሻ።

«አንዴ ጠየቀኝ። አለህ? አይደለም ያለኝ።» ይስማው ወደ እሷ ዞረ፤ ዓይኑ ደረቅ ነው። «መቼ? አለኝ። ልመልስለት ስል የለም።»

ሁለቱም ቆሙ። ይስማው የሚያዳምጠው ነገር አልነበረም፤ እታገኝ ከፊቱ ታየዋለች፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን እያወቀ በር ላይ እንደቆመ ሰው ነው። በዚያ አካባቢ መርዶ የሰማ ሰው በመጀመሪያው ቀን ብቻውን አይተውም። እሷ ግን ያረዳችው ቆማ ነው፣ እህል ሳይቀምስ፣ በባዕድ አዳራሽ፣ ለቤት ኪራይ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን ገልብጣ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቃ ለበሰችና የወንድሟን ክንድ ይዛ ወደ ፊተኛው ግቢ ዞሩ።

ወንበሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ቀና ብለው አዩአቸው። ምንዋጋው ክራንቹን ተመርኩዞ ተነሳ። «ከለከሏችሁ?» አለ። «አይክፋሽ፣ ይግባኝ ላይ ይግባኝ አለ።»

«አይ፤ ፈረዱልን» አለች እታገኝ።

«ታዲያ ነጠላሽ ምነው?»

«ሰው ሞቶብን ነው።»

ምንዋጋው ኮፍያውን አወለቀ። «ማን?»

«ደግሰው ይባላል። የጽጽቃ ልጅ ነው። የይስማው ጓደኛ።»

«መቼ ነው የሞተው?»

እታገኝ ወንድሟን አየችው። ይስማው መሬት መሬቱን ያያል፤ መልሱን ለእሷ ትቶላታል።

«የሞተውስ ቆይቷል» አለች። «ዛሬ ነው የተረዳው።»

ምንዋጋው «የተረዳችሁት» ብሎ ሊያርማት ከንፈሩን ከፈተ። ከእሷ ወደ ይስማው፣ ከይስማው ወደ ግራው ተመለከተና ተወው። ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ያጽናው» አለ።